የዛፍ መትከያና መከርከሚያ መሣሪያዎች፦ ራስዎን ከጉዳት ለመጠበቅ ማወቅ ያለብዎት

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በግቢያቸው ዛፍ ለሚተክሉና በአትክልት ወይም በዛፍ ክርከማ ሥራ ለሚተዳደሩ የላስ ቬጋስና የአካባቢው ነዋሪዎች ነው።

ዶማ፣ አካፋ፣ ዲጂኖና መጥረቢያ ለብዙዎቻችን አዲስ አይደሉም። አገር ቤት ሳለን ችግኝ ተክለናል፣ ባሕር ዛፍ ቆርጠናል። እዚህ የሚለየው መሬቱ፣ ፀሐዩና የሞተር መሣሪያው ነው። አገር ቤት ችግኝ የሚተከለው የክረምቱ ዝናብ መሬቱን ሲያለሰልሰው ነው። በላስ ቬጋስ ግን በዓመት የሚዘንበው በአማካይ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከአፈሩ ሥርም ብዙ ጊዜ ካሊቺ የሚባል፣ እንደ ኮንክሪት የጠነከረ ንብርብር ይገኛል።

ከመቆፈርዎ በፊት

• ቢያንስ 2 የሥራ ቀናት ቀደም ብለው ወደ 811 ይደውሉ። አገልግሎቱ ነፃ ነው። የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመር የት እንደተቀበረ ምልክት ያደርጉልዎታል።
• የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ። ካሊቺ በዶማ ወይም በዲጂኖ ሲመታ ስንጥሩ ይፈናጠራል። የማንበቢያ መነጽር አይበቃም።
• አፈሩን ቀድመው ያርጥቡ፤ አቧራ ካለ ኤን-95 ማስክ ያድርጉ። በበረሃ አፈር ውስጥ ቫሊ ፊቨር የሚባል የሳንባ በሽታ የሚያመጣ ፈንገስ ሊኖር ይችላል። ጥቁር ሰዎች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የስኳር ሕመም ያለባቸውና የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች በበሽታው የበለጠ ሊጎዱ ይችላሉ።

ሲከረክሙና ሲቆርጡ

• የሞተር መጋዝ ከትከሻ በላይ አንስተው ወይም መሰላል ላይ ቆመው አይጠቀሙ። የመጋዙ ጫፍ እንጨት ሲነካ በቅጽበት ወደ ፊትዎ ሊመለስ ይችላል። ጓንት፣ የጆሮ መከላከያና እግርን ከመጋዝ የሚከላከል ልብስ ይልበሱ።
• ከኤሌክትሪክ ሽቦ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቁ። መሰላልዎና ረጅም እጀታ ያለው መጋዝዎም እንዲሁ መራቅ አለባቸው። ቅርንጫፉ ሽቦ ከነካ ለኤሌክትሪክ ኩባንያው ይደውሉ።
• በዘንባባ ግንድ ዙሪያ እንደ ቀሚስ የተንጠለጠለውን ደረቅ ቅጠል ከሥሩ ገብተው አይቁረጡ። ክምሩ በአንድ ጊዜ ተንሸራቶ ሰውን ያፍናል። በዚህ የሞቱ ሠራተኞች አሉ። ይህ ሥልጠና ላለው ባለሙያ የሚተው ሥራ ነው።

ሙቀት

ጁላይ 7 ቀን 2024 በላስ ቬጋስ የሙቀት መጠኑ 120 ዲግሪ ፋራናይት (49 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) ደርሷል። በእንዲህ ያለ ፀሐይ የተተወ ብረት እጅ ያቃጥላል። በውሃ ጎማ ውስጥ የቆየ ውሃም እንዲሁ ያቃጥላል፤ እስኪቀዘቅዝ ድረስ መጀመሪያ ያፍስሱት። መትከል የሚሻለው በመጸው ወይም በፀደይ መጀመሪያ ነው። በበጋ መሥራት ግድ ከሆነብዎ ሲነጋ ይጀምሩ፣ ቶሎ ቶሎ ውሃ ይጠጡ፣ ጥላ ሥር ይረፉ።

አንድ ሰው ግራ ከተጋባ፣ ንግግሩ ከተደነቃቀፈ ወይም ራሱን ከሳተ ወዲያውኑ ወደ 911 ይደውሉ። ወደ ጥላ ወስደው በቀዝቃዛ ውሃ ሰውነቱን ያርጥቡ፣ ያራግቡለት። ራሱን ለሳተ ሰው ምንም አያጠጡ። «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ በማሸት ጊዜ አያጥፉ። ይህ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል የሚችል አደጋ ነው።

ከተጎዱ

• ደም የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይጫኑት። ካልቆመ ወደ 911 ይደውሉ።
• ጣት ከተቆረጠ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያድርጉት። ከረጢቱን በረዶ ላይ ያስቀምጡ፤ ጣቱ ግን በረዶውን በቀጥታ መንካት የለበትም።
• ዓይን ውስጥ የተሰካ ነገር አያውጡ፣ ዓይኑንም አይሹ።
• ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም አፈር ከነካው መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ሊያመጣ ይችላል። ክትባቱ በየ10 ዓመቱ ይደገማል። ቁስሉ ጥልቅ ወይም ቆሻሻ ከሆነ ግን የመጨረሻውን ከወሰዱ 5 ዓመት ካለፈዎት ይደገምልዎታል።

ለሐኪሙ ምን ይንገሩ?

ሐኪሙ ካልነገሩት ዶማ ይዘው እንደነበር ሊያውቅ አይችልም። የሚከተሉትን ሳይጠየቁም ይናገሩ፦

• ምን ይሠሩ እንደነበርና በምን መሣሪያ እንደተጎዱ።
• የዘንባባ ወይም የቴምር እሾህ ወግቶዎት ከሆነ። በመገጣጠሚያ ውስጥ የቀረ እሾህ በኤክስሬይ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ለሳምንታት እብጠትና ሕመም ሊያስከትል ይችላል።
• ከቆፈሩ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሳል፣ ትኩሳትና ከባድ ድካም ከጀመረዎት። ቫሊ ፊቨር ሳንባ ምችን ወይም ቲቢን ይመስላል፤ ለባክቴሪያ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ግን አያድነውም። የሚለየው የደም ምርመራ አለ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።
• የክትባት ካርድዎ በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደተጻፈ። 2008 ዓ.ም. ማለት እዚህ 2015 ወይም 2016 ነው።
• የተጎዱበት ሰዓት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ። የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት የእነርሱ 8 ሰዓት ነው።

አማርኛ አስተርጓሚ እንዲቀርብልዎ ይጠይቁ፤ በሆስፒታል ያለ ክፍያ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። ልጅዎን አያስተርጉሙ።

ጉዳቱ ሥራ ላይ ከደረሰ

በኔቫዳ ሕግ ጉዳቱን በ7 ቀናት ውስጥ ለአሠሪዎ በጽሑፍ ማሳወቅ ይኖርብዎታል። የካሳ ጥያቄ ማቅረቢያው ጊዜ 90 ቀን ነው። ለዚህ የሚሞላውን ሲ-4 የተባለ ቅጽ ካከመዎት ሐኪም ጋር ይሞላሉ። ለሐኪሙ ጉዳቱ ሥራ ላይ እንደደረሰ በግልጽ ይንገሩ። የሁሉንም ወረቀት ቅጂ ቤትዎ ያስቀምጡ።