የእናቴ ስለትና የግሸን መንገድ

መስከረም ጠብቶ አደይ አበባ ሜዳውን ባለበሰበት፣ የደመራው አመድ ገና ከአደባባይ ባልጠፋበት ሰሞን፣ በወሎ ምድር መንገዶች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያመሩ ይመስላሉ። መስከረም 21 ቀን የብዙኃን ማርያም በዓል በአምባሰል በምትገኘው በግሸን ደብረ ከርቤ በታላቅ ድምቀት ይከበራልና። ይህ ጽሑፍ በ2011 ዓ.ም. ከቤተሰቤ ጋር ወደዚያች አምባ ያደረግሁትን ጉዞ የሚያስታውስ ነው።

የጉዞው ምክንያት የእናቴ ስለት ነበር። የልጅ ልጇ የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ ታሞ ከሞት አፋፍ በደረሰ ጊዜ፣ «ይህን ልጅ ካተረፍሽልኝ በእግሬ ወጥቼ ጥላ አገባልሻለሁ» ብላ ተስላ ነበር። ልጁ ዳነ። ስለቱ ግን ዛሬ ነገ እየተባለ አምስት ዓመት አለፈው፤ የእናቴም ጉልበት በዚያው ልክ እየደከመ ሄደ። በዚያ ዓመት «ከእንግዲህ ካደርኩ ዕዳዬን ይዤ መሞቴ ነው» አለችን። እኛም ክርክሩን ትተን ተነሣን።

ልጆቹ ክረምቱን አዲስ አበባ ከአጎታቸው ዘንድ ሰንብተው በአንድ መዝናኛ ፓርክ የሰርከስ ትርኢት አይተው ነበር። ስለዚህ የሰባት ዓመቱ ልጄ በዓል ለማክበር ወደ ግሸን እንደምንሄድ ሲሰማ አስቀድሞ የጠየቀኝ፣ «አባዬ፣ ትርኢቱ ስንት ሰዓት ይጀምራል? የምንቀመጠውስ የት ነው?» ብሎ ነው። እናቴ ሳቀችና «ቆይ፣ ስትደርስ ታየዋለህ የኔ ጌታ» አለችው።

በሐይቅ ዳር

መስከረም 20 ቀን ማለዳ ከደሴ ተነሥተን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዝን ሐይቅ ከተማ ገባን። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ግን በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ተያይዟል። በ13ኛው ምዕተ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው የምንኩስና ሕይወትንና ትምህርትን ያስፋፉበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ስመ ጥር ገዳም ነው። የገዳሙ አበ ምኔትም በቤተ መንግሥቱ «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ ይከበር እንደነበረ ታሪክ ይመሰክራል።

ገዳሙ የወንዶች በመሆኑ እኔና ልጄ ስንገባ እናቴ፣ ባለቤቴና የአሥር ዓመቷ ልጄ ከውጭ ቀሩ። ተሳልመን ስንመለስ ልጅቱ አኩርፋ ጠበቀችን። «እኔስ ለምን አልገባም?» አለች። የገዳሙ ሥርዓት እንደሆነ ነገርኋት፤ ፊቷ ግን አልተፈታም። እናቴ ከአጠገቧ አስቀምጣ የአገሩን ተረት ታወራት ጀመር። ከረጅም ዘመን በፊት አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ከአንዲት ልዕልት ግፍ ደረሰባት። ሴቲቱም ወደ እግዚአብሔር ጮኸች፤ በዙሪያዋ ያለው ምድር ሁሉ ውኃ ሆነ፤ እርሷ የተቀመጠችበት ሥፍራ ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ ይባላል። ልጅቱ ጥቂት አሰበችና፣ «ታዲያ ደሴቷ የሴትዮዋ ነበረች ማለት ነዋ!» አለች። እናቴም ዝም አለች፤ ባለቤቴ ግን ወደ እኔ ተመልክታ ፈገግ አለች። በዚያ ቀን መልስ አላገኘሁላትም፤ ዛሬም ቢሆን ሥርዓቱን ከመናገር በቀር የምጨምረው የለኝም። ለምሳ የበላነው የሐይቁ የቆሮሶ ጥብስ ኩርፊያዋን ጥቂት አበረደላት።

ወደ አምባው

ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን አንዱ ስሙን የወሰደው ከአምባሰል ነው። ጠጠሩን መንገድ ይዘን በገደሉና በሸለቆው መካከል ስንጓዝ፣ ቅኝቱ ያን ያህል ከፍና ዝቅ የሚለው የአገሩን መልክዐ ምድር እያየ ይሆን አልኩ በልቤ።

ግሸን በተፈጥሮዋ የመስቀል ቅርጽ ያላት፣ ዙሪያዋን ገደል የከበባት አምባ ናት። በጥንት ዘመን የንጉሥ ልጆች በግዞት ይጠበቁባት ነበር። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ አባታቸው ዐፄ ዳዊት ያስመጡት ግማደ መስቀል በዚህች አምባ እንዳረፈ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። መስከረም 21 ቀንም ይህንኑ ታስባለች።

ሌሊቱን ከአምባው ግርጌ ከምእመናን ጋር አሳልፈን ጎሕ ሲቀድ መውጣት ጀመርን። የበቅሎ ባለቤቶች እናቴን አይተው ቀረቡ። «በእግሬ ብዬ ነው የተሳልኩት» ብላ መለሰቻቸው። ጥቂት ትወጣለች፣ ትቀመጣለች፤ ደግሞ ትነሣለች። ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ጉልበቷ ከዳትና ድንጋይ ላይ አረፈች። እኔም ፈርቼ፣ «እምዬ፣ ጥላውን እኔ ላድርስልሽ፤ አንቺ በዚህ ተሳለሚ» አልኳት። «ስለቱ የኔ፣ እግሩም የኔ» አለች። ከዚያም ጥላውን ለልጁ አስታቀፈችውና፣ «ያንተ ነፍስ ናት፤ አንተ ያዝልኝ፣ እኔ አንተን እይዛለሁ» አለችው። ልጁ የተጠቀለለውን ጥላ በሁለት እጁ አቅፎ፣ አያቱ ትከሻውን ተደግፋ፣ እርምጃ በእርምጃ ወጡ። ከጠባቡ መግቢያ ስንደርስ ሕዝቡ ቢጨናነቅም፣ ከኋላ ያሉት «እናታችንን አሳልፉ» እያሉ መንገድ ከፈቱልን። እናቴ ወደ ውስጥ ስትገባ እልል አለች፤ የማያውቋት ሴቶችም እልልታዋን ተቀበሏት።

በማኅሌቱ ዙሪያ

ጥላው ለካህናቱ ተሰጠ። እኛም ሊቃውንቱ ወደቆሙበት ተጠጋን። መቋሚያው ከዜማው ጋር ይወርዳል፣ ይነሣል፤ ጸናጽሉ ይንሿሿል፤ ከበሮው በለሆሳስ ጀምሮ እየፈጠነ ይሄዳል። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ምዕተ ዓመት ያቆየው ዜማ በግእዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ሲለዋወጥ ሽማግሌው ሊቅና ወጣቱ ዲያቆን በአንድ እግር ይረግጣሉ። በከበሮው ላይ የተወጠረው ጠፍር የጌታችንን ግርፋት ያሳስባል ብዬ ለልጆቼ አስረዳኋቸው።

ልጄ መቀመጫውን መፈለጉን ትቶ ነበር። ካህናቱ ወደ ሽብሸባው ሲገቡ በዙሪያው የቆመው ሕዝብ ሁሉ አጨበጨበ፤ እርሱም ከአያቱ ጎን ቆሞ ያጨበጭብ ጀመር። ልጅቱም በሐይቅ ዳር ያጣችውን በዚህ አገኘች መሰለኝ፤ ከሴቶቹ መካከል ገብታ እልልታውን ታቀልጠው ነበር። ጥቂት ቆይቶ ልጁ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አባዬ፣ እዚህ የሚያይ ሰው የለም እንዴ?» አለኝ። ዙሪያዬን ተመለከትኩ። እውነትም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነት ደሴንና ሐይቅን ባዳረሰ ጊዜ ቤታችንን ዘግተን ስንወጣ፣ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የያዘችው ከግሸን ያመጣችውን እምነት ብቻ ነበር። ዛሬ ከደጅ መውጣት ተስኗታል። ልጁ ጎረምሳ ሆኗል፤ ነገር ግን መስከረም 21 ቀን ማለዳ ቡናው ሲፈላ ከአጠገቧ ይቀመጣል። እርሷ «እስቲ ከድንጋዩ ጀምር» ትለዋለች። እርሱም ካረፈችበት ድንጋይ ጀምሮ መንገዱን እስከ መግቢያው ይተርክላታል። እዚያ ሲደርስ ከቤቱ ሴቶች ሁሉ ቀድማ እልል የምትለው እናቴ ናት።