ግርማ ሞገስ በቁጥር፦ የጦር አዝማችነት በጨዋታ ሰሌዳ ላይ

የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ የሚባለው፣ ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው እያንዳንዳቸው የአንድ ምናባዊ ጀግና ሚና የሚይዙበት፣ አንድ አጫዋች ሁኔታውን የሚተርክበትና የድርጊቱ ውጤት በዳይስ የሚወሰንበት የጨዋታ ዓይነት ነው። የዘርፉ በኩር የሆነው ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በአውሮፓ አቆጣጠር 1974 አሜሪካ ውስጥ ሲታተም፣ የተወለደው ሠራዊትን በምስል እያሰለፉ ከሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታዎች ነበር። ተጫዋቹ ግን ከሠራዊቱ አዛዥነት ወርዶ የአንድ ሰይፍ መዛዥ ሚና ስለያዘ፣ በሌሎች ክንድ የሚሠራው አዝማች በምን ይገለጽ የሚለው ጥያቄ ከጨዋታው ጋር አብሮ መጣ።

የመጀመሪያው መልስ ግርማ ሞገስን በቁጥር መለካት ሆነ። በ1981 በወጣው ሕገ ጨዋታ መሠረት ከፍተኛው የግርማ ሞገስ ቁጥር 18 ያለው ጀግና እስከ 7 ተከታዮች የሚያገኝ ሲሆን ወኔያቸውም 10 ይሆናል፤ ዝቅተኛው 3 ያለው ግን ከ1 ተከታይ አያልፍም፣ የዚያም ወኔ 4 ብቻ ነው። ያልታሰበ አደጋ ሲመጣ ሁለት ዳይሶች ተወርውረው ድምሩ ከወኔው ቁጥር ከበለጠ ተከታዩ ስለሚከዳ፣ የመጀመሪያው ጀግና ተከታይ ከ12 ጊዜ አንዴ ሲከዳ የሁለተኛው ከ6 ጊዜ አምስቴ ይከዳል። ይህ ስሌት ቀላል ቢመስልም፣ የመሪ ኃይል የሚፈተነው ጦር ሊፈታ በተቃረበበት ሰዓት መሆኑን በትክክል የያዘ ነው። በ2008 እትም የገባው ‘ዋርሎርድ’ የተባለው የጀግና ዓይነት ደግሞ የራሱን ምት ትቶ ጓደኛው እንዲመታ ማድረግ ይችላል።

ለወለጋ አንባቢ ይህን ጉዳይ የሚያቀርበው የእምባቦ ጦርነት ነው። በ1874 ዓ.ም. በጉዱሩ ምድር የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሲዋጉ፣ ድሉን ለሸዋ ያስገኘው በዋናነት ራስ ጎበና ዳጬ ያሰለፉት የኦሮሞ ፈረሰኛ ሲሆን ተክለ ሃይማኖትም ቆስለው ተማርከዋል። የጎበና ኃይል በጦራቸው ስለት ሳይሆን ያን ፈረሰኛ ሰብስበው በማቆየታቸው የሚለካ በመሆኑ፣ ከሰይፍ መዛዡ ቁጥር ይልቅ የግርማ ሞገሱ ቁጥር ይገልጻቸዋል። የነቀምቴው ገዥ ሞሮዳ በከሬ ግን ለሸዋ በሰላም ገብረው አገራቸውን አቆዩ፤ እንዲህ ያለው ሳይዋጉ የማትረፍ ጥበብም የመሪነት አንድ መልክ ነው። የልጃቸው የኩምሳ ማዕረግ ደጃዝማች እንኳ፣ እንደ ፊታውራሪ፣ ቀኝአዝማችና ግራአዝማች ሁሉ፣ በሰልፍ ውስጥ የሚቆምበትን ስፍራ በስሙ የያዘ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለአዝማችነት የቀረበው የአገራችን ሰንጠረዥ ነው። በቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር በተከፈሉ 64 ቤቶች የሚካሄደው ይህ ጨዋታ የሚጀምረው ‘ወረራ’ በተባለ ምዕራፍ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እኩል እጃቸውን እየዘረጉ፣ አንዱ ፈረሱን ሲያወጣ ሌላው ያንን አይቶ የጀመረውን እየለወጠ፣ ሰልፋቸውን ያሰናዳሉ። ለመሪ ከሁሉ የሚከብደው ከውጊያው በፊት ያለው የማሰለፍ ሰዓት በመሆኑ፣ የሚና ጨዋታ አዘጋጆች ሊወርሱት የሚገባው ይህን ምዕራፍ ነው። አንዱ የሌላውን ጭፍራ ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያም በተራ መጫወት ይጀመራል።