«እማማ ነከሰችኝ!»

ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ልጄን ልጠይቅ ሜኔሶታ ሄጄ ነበር። የስድስት ዓመቷን የልጅ ልጄን ከዚያ በፊት የማውቃት በስልክ ብቻ ነው። ገና በሩን አልፌ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ በካልሲዋ ምንጣፉ ላይ እየተንሸራተተች ሮጣ መጣች። ጎንበስ ብዬ ልስማት ስል አፍንጫዋ ላይ «ጠቅ!» አለ። እኔንም ከንፈሬን ነዘረኝ። ልጅቱ እሪ ብላ እናቷ ጉያ ተወሸቀች። «እማማ ነከሰችኝ!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ግን ለሦስት ቀን አልተጠጋችኝም። ያን ሁሉ አገር አቋርጬ ሄጄ ጉንጯን ሳልስም መክረሜ እንዴት እንዳንገበገበኝ አያት የሆነ ያውቀዋል።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። እናቷ ፀጉሯን በፒያስትራ ታለሰልስና በፕላስቲክ ማበጠሪያ ታበጥረዋለች፤ ከላይ የሱፍ ኮፍያ ይደረጋል። ኮፍያው ሲወልቅ ፀጉሩ እየተንጣጣ ግማሹ ሽቅብ ይቆማል፣ ግማሹ ፊቷ ላይ ይለጠፋል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ቁረጡልኝ» ብላ አለቀሰች። ልጆች ስቀውባት ኖሯል።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። እስክሪብቶ ፀጉር ላይ አሽቶ ብጣሽ ወረቀት ማንሳትን ለስንት ተማሪ አሳይቻለሁ! የልጅቱ ፀጉር የሚሠራውም ያንኑ ነው። ማበጠሪያው ፀጉሩን ሲያሸው ኤሌክትሮን ይወስድበታል። እያንዳንዱ ዘለላ አንድ ዓይነት ሙል ስለሚይዝ አንዱ ሌላውን ይገፋል፤ ፀጉሩም ይንጨባረራል። እርጥበት ቢኖር ሙሉ ቀስ እያለ ያመልጥ ነበር። ችግሩ የክረምታቸው አየር ደረቅ መሆኑ ነው። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የቀዘቀዘ አየር በአንድ ሜትር ኩብ ቢበዛ 2 ግራም ገደማ የውሃ ተን ይይዛል። ያንኑ አየር ቤት አስገብተን 20 ዲግሪ ስናሞቀው 17 ግራም ገደማ መያዝ ይችላል፤ በውስጡ ያለው ግን ያችው 2 ግራም ናት። ስለዚህ ቆዳችንንም፣ ፀጉራችንንም፣ ምንጣፉንም ያደርቃል።

ይህ የእነሱ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኛም ዘንድ ከኅዳር እስከ ጥር፣ በጨለማ የናይለን ሹራብ ስናወልቅ ሲንጣጣና ብልጭ ሲል አይተናል። የእኛ ክረምት ዝናብ ስለሆነ ያኔ ብዙም አይታይም።

በማግስቱ ፀጉሯን ለእኔ ተዉልኝ አልኩ። ልጄ መጀመሪያ የፈራችው ቅቤ እንዳልቀባት ነበር፤ «እማዬ፣ ክፍል ውስጥ ይሸታል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ተውኩት። በምትኩ ከታጠበች በኋላ ኮንዲሽነር አደረግንላት። ኮንዲሽነር ፀጉሩ ላይ ስስ ሽፋን ትቶ ሰበቃውን ይቀንሳል፤ ሙሉም እንዲያመልጥ ይረዳል። ጠዋት እጄን ውሃ ነከር አድርጌ ፀጉሯን ዳበስ ዳበስ፣ መዳፌ ላይ ሁለት ጠብታ የወይራ ዘይት፣ ከዚያ ከአዲስ አበባ ይዤው በሄድኩት የእንጨት ሚዶ ከጫፍ ጀምሮ ቀስ እያልኩ ማበጠር። ፒያስትራው መሳቢያ ገባ። ሹሩባ ሠራኋት፤ የተጎነጎነ ፀጉር አይተሻሽም፣ ሽቅብም አይቆምም። ከኮፍያው ሥር ደግሞ ከአሮጌ ነጠላዬ ቀድጄ የጥጥ ሻሽ አደረግሁላት። ጥጥ እርጥበት ስለሚይዝ እንደ ናይለን ቶሎ ሙል አይሰበስብም። (ለልብስ ማድረቂያ የሚሸጠውን ባለሽታ ጨርቅ ፀጉር ላይ የሚያሹም አሉ። ለልጅ ቆዳ አልወደድኩትም።)

ቤቱም መርጠብ ነበረበት። ልጄ የአየር ማርጠቢያ ገዛች። እርጥበቱ ከመቶ 40 ገደማ ሲደርስ መንጣጣቱ በጣም ቀነሰ። ከ50 ካለፈ መስኮቱ ማላብ፣ ግድግዳው መሻገት ይጀምራል፤ ስለዚህ ርካሽ የሆነችውን መለኪያ አብራችሁ ግዙ። ውሃውን በየቀኑ መቀየር፣ ዕቃውንም ማጠብ ግድ ነው። ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣው ዓይነት ሕፃን ያቃጥላልና እጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። መሣሪያው ከሌለ የታጠበ ልብስ ክፍል ውስጥ ማስጣትም ይረዳል። በልብስ ማድረቂያ ማሽን የሚደርቀውን የናይለንና የፖሊስተር ልብስ ደግሞ ትንሽ እርጥበት ሳለው ማውጣት ነው።

የቀረው መሳሙ ነበር። ንዝረቱ ሙሉ በአንዲት ነጥብ ቆዳ ላይ ሲዘል ያማል እንጂ ጤነኛ ሰው አይጎዳም። የብረት ቁልፍ በእጃችን ጥብቅ አድርገን ይዘን የብረት የውሃ ቧንቧ ብንነካ ብልጭታው ከቁልፉ ይዘላል፤ እኛን አያመንም። አራተኛው ቀን ላይ ልጅቱን ወጥ ቤት ወሰድኳት። መብራት አጥፍተን ቁልፌን ቧንቧው ላይ አስጠጋሁ። ብልጭ አለች። «የነከሰሽ ይሄ ነው፣ የኔ እናት» አልኳት። ቁልፉን ተቀበለችኝና ምንጣፉ ላይ ስትንሸራተት፣ ቧንቧውን ስትነካ አመሸች። ከዚያ መጥታ ጉንጯን ሰጠችኝ።

ከዚያ በኋላ ሳንስማት በፊት «ቁልፍ!» ትላለች፤ አባቷም ከሥራ ሲገባ ቧንቧ ሳይነካ አይፈቀድለትም። መጋቢት ላይ አየር ማረፊያ ሲሸኙኝ አየሩ ለዝቦ፣ ወለሉም ድንጋይ ነበር። እሷ ግን የእናቷን ቁልፍ ተቀብላ የሻንጣ መግፊያውን ብረት ጠቅ አደረገች፣ ለእኔም አቀበለችኝ። እኔም ነካሁ።