ጥቁሩ መስመር ፊልሙን አልቆረጠውም

ቪዲዮ ቤታችን ሰፊው ቴሌቪዥን ከገባ ወዲህ ጭቅጭቅ አልጠፋም። ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ሲመጣ “ፊልሙን ቆርጠኸዋል፣ ገንዘባችንን መልስ!” ይባላል። ልጁም ሲጨንቀው ሪሞቱን አንስቶ በዙም ያጎላዋል። ታዲያ ነገሩን ስናጣራ፣ ፊልሙ የሚቆረጠው ገና ያኔ ነው።

የዛሬው ቴሌቪዥን ቁመቱ 9 ቢሆን ወርዱ 16 ነው። ብዙ የሲኒማ ፊልሞች ግን ለ9 ቁመት ወርዳቸው 21 ተኩል ይደርሳል። ይህን ያህል ወርድ ሳይቆረጥ እንዲገባ ምስሉ ማነስ አለበት፤ ስለዚህ ከስክሪኑ ሩብ ያህሉ ባዶ ይቀራል። ዙም ሲደረግ ጥቁሩ ይጠፋል፣ ግን ከግራና ከቀኝ የምስሉ ሩብ አብሮ ይሄዳል። ጥግ ላይ የቆመው ተዋናይ ድምፁ ብቻ ይሰማል!

ነገሩን ያመጣው ራሱ ቴሌቪዥን ነው ብንል አናጋንንም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ሕዝብ ቴሌቪዥን ይዞ ቤቱ ሲቀር፣ ፊልም ሠሪዎቹ ቤት ውስጥ የማይገኝ ሰፊ ምስል አመጡ። በ1953 “ዘ ሮብ” በሲኒማስኮፕ ወጣ። የ1959ኙ “ቤን ሁር” ደግሞ ይብሳል፤ ለ9 ቁመት ወርዱ ወደ 25 ስለሚጠጋ ከስክሪኑ ሲሶ በላይ ጥቁር ነው። ያን የሠረገላ እሽቅድምድም በዙም ማየት ግማሹን ፈረስ በረት ትቶ እንደመምጣት ነው።

የድሮ ድራማዎች ላይ መስመሩ በግራና በቀኝ ይሆናል፤ እነሱ የተሠሩት ለጠባቡ ቴሌቪዥን ነዋ።

ልጁን አነጋግረነዋል። ለፋሲካ “ቤን ሁር” ያለ ዙም ይታያል፤ ገንዘብ መልስ የሚል ካለ እኛን ይጠይቅ።