ስለ ቤንኦኒና ስለ ብንያም፤ ሕፃን ከተሰየመ በኋላ ስሙን መለወጥ ይገባልን?

ያዕቆብ ከቤቴል ተነሥቶ ወደ ኤፍራታ ሲጓዝ ሚስቱን ራሔልን በመንገድ ምጥ ያዛት፤ ምጡም ጸናባት። ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ እርሷ ግን ሞት እንደ ቀረበባት ባወቀች ጊዜ ልጁን ቤንኦኒ ብላ ሰየመችው። አባቱ ይህን ስም አላጸናውም፤ ብንያም አለው። ታሪኩ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 35 ከቁጥር 16 እስከ 20 ተጽፎ ይገኛል።

ነገሩ በጥቂት ቃል የተነገረ ነው፤ ጥያቄው ግን ብዙ ነው። እናት በሞት አፋፍ ሳለች ያወጣችውን ስም አባት ሊለውጠው ይገባዋልን? የሟች ኑዛዜ የሚከበር አይደለምን? ወይስ ስም ለሚኖረው እንጂ ለሚሞተው አይደለምና ያዕቆብ መልካም አደረገ? ይህ ጥያቄ የጥንት ሰዎች ብቻ አይደለም። በሊበን፥ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አገር፥ በሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል ልጅ በተወለደበት ቤት የሚነሣ ነው። በወለደችበት ሰሞን የወጣው ስም ገንፎው ተበልቶ ዘመድ ከተበተነ በኋላ እናትን ወይም አባትን ያሳስባል፤ ስሙ የከበደ ይመስላል፥ ወይም ቂም ያዘለ ሆኖ ይገኛል፥ ወይም የሌላውን ወገን ያስቀይማል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ከአፍ ወጥቷልና መመለሱ እንደ ነውር ይቈጠራል። ስለዚህ የመጽሐፉን ነገር ከአገሩ ልማድ ጋራ አስተያይቶ መመርመር ይገባል።

ሕፃን ሁለት ስም ስለሚኖረው

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሕፃን ሁለት ስም ይኖረዋል። አንደኛው የዓለም ስም ነው፤ ይህን እናት፥ አባት ወይም አያት ያወጡታል። ሁለተኛው የክርስትና ስም ነው፤ ይህ ወንድ በ40 ቀኑ፥ ሴት በ80 ቀኗ ሲጠመቁ ከካህኑ የሚቀበሉት ነው። ቀኑ 40ና 80 መሆኑ ስለ ምን ቢሉ፥ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ለወላድ ከተሠራው የመንጻት ወራት ጋራ ይስማማል፤ በመጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40 ቀን፥ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ ይነገራል።

የክርስትና ስም ብዙ ጊዜ የዕለቱን በዓል ይከተላል። ወልደ፥ ገብረ፥ ኃይለ፥ ተክለ፥ ወለተ፥ አመተ እያለ ሕፃኑን ከአምላኩ፥ ከእመቤታችን፥ ከመላእክትና ከቅዱሳን ጋራ ያዛምደዋል። ሰው ሥጋ ወደሙ ሲቀበል፥ በሞተም ጊዜ ፍትሐት ሲደረስለት የሚጠራው በዚህ ስም ነው። የዓለም ስም ግን ወላጆች በዚያች ሰዓት በልባቸው ያለውን የሚገልጡበት ነው። ልጅ ሞቶባቸው ሌላ ያገኙ ምትኩ፥ ካሣ፥ ማስረሻ ይላሉ። ሞት ያዘወተረበት ቤት ይበቃል ይላል። ወገን የተገደለበት ደመላሽ ይላል። ጠላት የበዛበት ማንደፍሮ ይላል። እንዲህ ከሆነ ይህ ስም ስለ ሕፃኑ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ስለ ወላጆቹ የሚናገረው ብዙ ነው። የወላጆቹ ሰዓት ያልፋል፤ ሕፃኑ ግን በስሙ ሲጠራበት ይኖራል።

የሁለቱ ስሞች ትርጓሜ

ቤንኦኒ ማለት የኀዘኔ ልጅ ማለት ነው፤ በእርሱ ልደት ሞት አግኝቷታልና። አንድም የጉልበቴ ልጅ ማለት ነው፤ ኦን የሚለው የዕብራይስጥ ቃል ኃይልና ጉልበትም ማለት ነውና። ያዕቆብ በምዕራፍ 49 ቁጥር 3 የበኵር ልጁን ሮቤልን የኃይሉ መጀመሪያ ሲለው የተናገረው በዚሁ ቃል ነው።

ብንያም ማለት የቀኝ ልጅ ማለት ነው፤ ቀኝ የክብርና የኃይል ወገን ነውና። አንድም የደቡብ ልጅ ማለት ነው፤ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ላደረገ ሰው ደቡብ በቀኙ ነውና፥ በዕብራይስጥም ቀኝና ደቡብ በአንድ ቃል ይጠራሉ፤ ወንድሞቹ በሰሜን በመስጴጦምያ ሲወለዱ እርሱ ብቻ በከነዓን ተወልዷል። አንድም የዘመን ልጅ፥ የሽምግልና ልጅ ማለት ነው፤ ያዕቆብ ዕድሜው ከገፋ በኋላ ወልዶታልና።

እንግዲህ ያዕቆብ የራሔልን ቃል ሻረው አይባልም፤ አቃናው ይባላል እንጂ። በቃሏ ውስጥ ሁለት መንገድ ነበረ፤ አንዱ ወደ ኀዘን፥ አንዱ ወደ ኃይል የሚወስድ ነው። እርሱ ሁለተኛውን ያዘ፤ ልጅ የሚለውን የስሙን መጀመሪያም እንዳለ ተወው። ኀዘኗንም አልካደም፤ በመቃብሯ ላይ የመታሰቢያ ሐውልት አቁሟልና። ኀዘኑን በድንጋዩ ላይ አኖረው፥ በልጁ ትከሻ ላይ ግን አልጫነውም።

ያዕቆብ ይህን ለማድረግ ከማን ተማረ ቢሉ፥ ከራሱ ነው። እርሱ ሲወለድ የወንድሙን ተረከዝ ይዞ ነበርና ያዕቆብ ተባለ፤ ነገሩ በምዕራፍ 25 አለ። ዔሳውም በምዕራፍ 27 በረከቱ በተወሰደበት ጊዜ ይህንኑ ስም አንሥቶ ስሙ እንደ ሥራው ነው ብሎ ከሰሰው። በተወለደ ቀን እንደ ዋዛ የተሰጠው ስም በጎለመሰ ጊዜ ክስ ሆኖ መጣበት። በምዕራፍ 32 በያቦቅ ማዶ እስራኤል ተባለ፤ በምዕራፍ 35 ቁጥር 10 ደግሞ ይህ ስም በቤቴል ጸናለት። በቁጥር 10 የራሱ ስም የተለወጠለት ሰው በቁጥር 18 የልጁን ስም ለወጠ። ስም እንደሚከብድ የሚያውቅ፥ የከበደበት ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ስለሚባለው

ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚል አባባል አለ፤ ስለዚህ የወጣ ስም አይነካም የሚሉ አሉ። ለዚህ ምስክር የሚሆነው የዮሐንስ ነገር ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 እንደ ተጻፈ ሕፃኑን በ8ኛው ቀን ሊገዝሩት በመጡ ጊዜ ዘመዶቹ በአባቱ ስም ዘካርያስ ሊሉት ወደዱ። ኤልሳቤጥ ዮሐንስ ይባል አለች፤ ከወገንሽ በዚህ ስም የተጠራ የለም ብለው ተከራከሯት። አባቱን በምልክት ጠየቁት፤ እርሱም ሰሌዳ ለምኖ የእናቲቱን ቃል አጸና።

ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዮሐንስን መልአክ እንዳወጣለት በቁጥር 13 ተገልጧል። ለቤንኦኒ ያወጣችው ምጥ የጸናባት እናት ናት። ከዮሐንስ የምንማረው ዘመድ ስላጉረመረመ ብቻ በጎ ስም እንዳይለወጥ ነው፤ ከብንያም የምንማረው ግን በጭንቅ ሰዓት የወጣ ቃል ሁሉ የመልአክ ቃል እንዳይባል ነው።

ሌሎችም ምስክሮች አሉ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 4 የፊንሐስ ሚስት ታቦት እንደ ተማረከ፥ አማቷና ባሏም እንደ ሞቱ ሰምታ በድንጋጤ ወለደች፤ ልጁን ኢካቦድ ብላ ሞተች፤ ክብር የለም ማለት ነው። ነገሩ የራሔልን ይመስላል። ልዩነቱ ምንድር ነው ቢሉ፥ ለኢካቦድ ስሙን የሚያቃናለት አባት አልቀረለትም፤ ፊንሐስ በዚያው ቀን በሰልፍ ወድቋልና። ልጁም ያንኑ ስም እንደ ያዘ በምዕራፍ 14 ይጠራል። በዜና መዋዕል ቀዳማዊ ምዕራፍ 4 ያቤጽ የተባለ ሰው አለ፤ እናቱ በሕማም ስለ ወለደችው እንዲህ አለችው። ስሙን ማንም አልለወጠለትም፤ እርሱ ግን ሕማም እንዳያገኘው እግዚአብሔርን ለመነ፥ ልመናውም ተሰማለት። ከዚህ የተነሣ ክፉ ስም የያዘ ሰው ዕድሉ ተቈርጧል አይባልም። ስም ሸክም ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ነገር ግን ሸክምን ገና በጨቅላነቱ ማውረድ የሚቻል ሲሆን እስኪጐብጥ መጠበቅ ምን ይጠቅማል?

ደመላሽ ስለሚባለው ስም

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ይህ ስም ነው። ባሏ የተገደለባት እርጉዝ ሴት ወንድ በወለደች ጊዜ፥ ወይም ወንድሙ የሞተበት ሰው ልጅ ባገኘ ጊዜ፥ ደመላሽ ይለዋል። ስሙ የኀዘን መጽናኛ ሆኖ ይወጣል፤ ሲያድግ ግን ትእዛዝ ይሆናል። ልጁ ለእሳት ሲላክ፥ ከብት ሲያግድ፥ ፊደል ሲቈጥር በተጠራ ቍጥር ያላየውን ደም ይጠየቅበታል። ገዳዩም፥ የገዳዩም ልጆች በአንድ ገበያ፥ በአንድ ደብር ሲገናኙ ስሙን ይሰማሉ፤ ይፈሩታልም። የሚፈራ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ይመታል።

በኋላ ሽማግሌዎች ገብተው ደም ያደርቃሉ፤ ካሣ ይከፈላል፥ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይማማላሉ። እርቁ ሲወርድ ስሙ ሳይታረቅ ይቀራል። ስለዚህ እርቅ የሚያወርዱ ሽማግሌዎችና ካህናት በቤቱ እንዲህ ያለ ስም የያዘ ሕፃን ካለ ስሙን ጭምር የእርቁ ክፍል ቢያደርጉት መልካም ነው። ደመላሽ የተባለው ካሣሁን ቢባል የሟቹ መታሰቢያ አልጠፋም፤ የጠፋው ቢላዋው ነው። ያዕቆብም እንዲሁ አደረገ፤ ነገሩን ሳይደብቅ መንገዱን ለወጠው። በትንቢተ ሆሴዕም ምዕራፍ 1 ምሕረት የሌላትና ሕዝቤ ያልሆነ የተባሉት ልጆች በምዕራፍ 2 በምሕረትና በሕዝብነት ስም ተጠርተዋል፤ እርቅ ሲመጣ የቍጣ ስም ይገለበጣልና።

ከአገራችን ታሪክ

በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ቤት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የልጅ ልጅ ተወለደ። በታሪክ እንደሚነገረው አያቱ አስቀድመው ምን ይልህ ሸዋ ይባል ብለው ነበር፤ ሸዋ ምን ይልህ ይሆን ማለት ነው፤ የሰውን አፍ የሚያስብ ስም ነው። ኋላ ግን አስበው የሰሎሞንንና የንግሥተ ሳባን ልጅ ስም ሰጥተው ምኒልክ አሉት። ሁለቱ ስሞች በድምፅ ይቀራረባሉ፤ በቤንኦኒና በብንያም እንደ ሆነው ሁሉ የፊተኛው በኋለኛው ውስጥ ይሰማል። ትርጓሜው ግን ሰው ምን ይለኛል ከማለት ወደ ንጉሥ ልጅነት ተሻገረ። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ግን አልተነካም። በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በሁለተኛው ስም ነው።

በጎጃምም ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በነገሡ ጊዜ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለዋል፤ መንቆረር የነበረው ከተማቸውም ደብረ ማርቆስ ተብሏል። ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረውም ከተማ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ይባላል፤ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከተማ መልካም ስም ሲያገኝ ነውር ካልተባለ፥ ጨቅላ ሕፃን መልካም ስም ቢያገኝ ነውር ሊባል አይገባም።

እንዴት ይለወጣል ቢሉ

መጀመሪያ፥ የሚለወጠው የዓለም ስም ነው። የክርስትና ስም በጥምቀት የተሰጠ ነውና በወላጅ ሐሳብ አይለወጥም፤ ጥምቀቷ አንዲት ናትና።

ሁለተኛ፥ ጊዜው ሳያልፍ ይሁን። ልጁ ስሙን ሰምቶ ዞር ማለት ሳይጀምር ቢደረግ ማንንም አያውክም። ወንዱ እስከ 40፥ ሴቷ እስከ 80 ቀን የሚቆዩበት ጊዜ ለማሰቢያ ይበቃል። የመንግሥትም ሥርዓት ከዚህ አይርቅም፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቍጥር 760 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ወስኗል። ስለዚህ ሐሳብ ያለው ሰው ከክርስትናው በፊት ወይም በክርስትናው ዕለት ቈርጦ ቢጨርስ፥ ሕፃኑ በቤተ ክርስቲያን አንድ፥ በቤት ሁለት፥ በመዝገብ ሦስት ሆኖ አይቀርም።

ሦስተኛ፥ ስሙን ያወጣው ሰው ይጠየቅ። ራሔል ሞታ ነበርና ያዕቆብ ሊጠይቃት አልቻለም፤ ሕያው የሆነች እናት ወይም አያት ግን ሳትጠየቅ ስሟ ቢነሣባት ልጁን እንደ ተነጠቀች ትቈጥረዋለች። በተቻለ መጠን ከፊተኛው ስም አንድ ነገር ይትረፍ፥ ድምፁ ወይም ትርጓሜው።

አራተኛ፥ ቂም በትዕቢት አይለወጥ። ደመላሽን ጥሎ ማን ይችለዋል የሚል ስም ማውጣት አንዱን ጠብ በሌላ ጠብ መተካት ነው።

ይህን ሁሉ ጠብቆ የልጁን ስም ያቃና አባት ወላዋይ አይባልም። ቃሉን ያጠፈ በገባው ውል ያልጸና ነው፤ ሕፃን ግን ውል አይደለም። ብንያም በአባቱ ቃል ተጠራ፤ ከነገዱም የእስራኤል የመጀመሪያ ንጉሥ ሳኦል ወጣ፥ የአሕዛብ ሐዋርያ ጳውሎስም ወጣ። ያ ሁሉ ትውልድ የኀዘን ልጆች ሳይባል የቀኝ ልጆች ተባለ፤ አባታቸው በመንገድ ዳር፥ በመቃብር አጠገብ ቆሞ ሁለተኛ አስቧልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።