ከመርከብ ሆድ እስከ ሐሙሲት መጋዘን

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወረታ ሳይደርስ ሐሙሲትን ያገኛታል። ክረምት ሲቃረብ የዚያው የደራ ወረዳ ገበሬ ዓይኑን ጥሎ የሚጠብቀው ጭነት አንድ ነው፤ የአፈር ማዳበሪያ። ከረጢቱ በአህያ ተጭኖ ወደ ቀበሌው ከመግባቱ በፊት በብዙ እጅ አልፏል። በያንዳንዱ እጅም ሰነድ ተጽፎለታል፣ ሒሳብ ተይዞበታል። የሒሳቡን ቋንቋ የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽመው ትራንዚተር፣ የባንክ ሠራተኛውና የመኪናው ባለቤት አሳምረው ያውቁታል፤ በመጨረሻ ከኪሱ የሚከፍለው ሰው ግን እምብዛም አልተነገረውም። ከረጢቱን ተከትለን ቋንቋውን እንወቀው።

ማዳበሪያውን ለአገር የሚገዛው የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው። በእንዲህ ያለ ግዥ ከዋጋው እኩል የሚያከራክረው ዕቃው የት ላይ እንደሚረከብ ነው። ይህን ነገር ሽንኩርት የሚሸጥ ገበሬ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ማሳው ላይ ከሸጠ መኪናውም ጫኙም በመንገድ የሚበሰብሰውም የገዢው ነው፤ ባሕር ዳር ድረስ አቀርባለሁ ካለ ደግሞ ሁሉም ወደ ራሱ ይዞራል። የዓለም ነጋዴዎች ይህንኑ ስምምነት በአጭር አጭር ስም ከፋፍለው አስቀምጠውታል። ደንቡ ኢንኮተርምስ ይባላል፤ ፓሪስ ያለው ዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት በ1936 እ.ኤ.አ. አወጣው፣ በየጊዜውም ያድሰዋል። ኤፍኦቢ ከሆነ ሻጩ ዕቃውን በራሱ አገር ወደብ መርከብ ላይ ሲጭን ኃላፊነቱ ያበቃል፤ የባሕሩን ኪራይ ገዢው ይከፍላል። ሲአይኤፍ ከሆነ ኪራዩንና ኢንሹራንሱን እስከ መድረሻው ወደብ ሻጩ ይከፍላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ ኪራዩን ስለከፈለ ጭነቱ ባሕር ላይ ቢጎዳም የሻጩ ጉዳት ይመስላል። በሲአይኤፍም ቢሆን ግን ዕቃው መርከቡ ላይ ከተጫነ በኋላ ጉዳቱ የገዢው ነው፤ ካሳውን ከኢንሹራንሱ የሚጠይቀውም እሱ ነው። የኢትዮጵያ አስመጪዎች ለረጅም ዘመን በኤፍኦቢ እንዲገዙ ሲታዘዙ የኖሩት የመርከብ ኪራዩ ለአገሪቱ የመርከብ ድርጅት እንዲቀርና የውጭ ምንዛሪ እንዲቆጠብ ነበር።

ማዳበሪያ በመርከብ ሲመጣ በከረጢት አይደለም። እንደ እህል ክምር በመርከቡ ሆድ ይፈስሳል፤ ብትን ጭነት የሚባለው ይህ ነው። ከረጢት የሚገባው ጅቡቲ ወደብ ላይ ነው። አንድ መርከብ 50,000 ቶን ይዞ መጣ እንበል። በ50 ኪሎ ከረጢት ሲሰፈር አንድ ሚሊዮን ከረጢት ይሆናል። አንድ ባለ ተሳቢ መኪና 400 ኩንታል ቢጭን ወደቡን ባዶ ለማድረግ 1,250 ምልልስ ያስፈልጋል። መርከቡ ደግሞ የሚራገፍበት ቀን በውል ተቆርጦለታል። መኪና ቢጠፋ፣ ከረጢት ቢያልቅ፣ ሰነድ ቢጓደል፣ ከተቆረጠው ቀን በኋላ ለቆመበት ለያንዳንዱ ቀን ቅጣት ይቆጠራል። ዲመሬጅ ማለት ይህ ነው። የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ አንዲት ፍሬ ማዳበሪያ አይጨምርም፤ ከዋጋው ጋር ተደምሮ ግን ገበሬው ዘንድ መድረሱ አይቀርም። ከነዚህ ቃላት ሁሉ እያንዳንዱ ኃላፊ እንዲፈራው የምመኘው ይህኛውን ነው።

ሱቅ የሚሞላው ሌላው ዕቃ፣ ጨርቁም መለዋወጫውም፣ የሚመጣው በኮንቴይነር ነው። ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለሀብት በ1956 እ.ኤ.አ. 58 ሣጥኖችን በአንድ መርከብ ከኒውአርክ ወደ ሂውስተን ከላከ ወዲህ የዓለም ወደቦች መልክ ተለውጧል። ዛሬ የመርከብም የወደብም አቅም የሚለካው በባለ 20 ጫማው ሣጥን ነው፤ ባለ 40ው እንደ ሁለት ይቆጠራል። ዲመሬጅ እዚህም አለ፤ ኮንቴይነሩ ያለ ክፍያ ከሚቆይበት ነፃ ቀን አልፎ ከተቀመጠ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ቢል ኦፍ ሎዲንግ የመርከቡ ባለቤት ጭነቱን ሲረከብ የሚሰጠው ሰነድ ነው። ደረሰኝ ነው፣ የማጓጓዣ ውል ማስረጃም ነው፣ ከዚያ በላይ ግን የባለቤትነት ወረቀት ነው። ዋናውን ያልያዘ ሰው ዕቃው የእሱ ቢሆንም መውሰድ አይችልም። በኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ለሻጩ የክፍያ ዋስትና ሰጥቶ፣ የተገዛ ዕቃ ሰነዱ በባንክ በኩል የሚያልፈው ለዚህ ነው፤ አስመጪው ከባንኩ ጋር ሒሳቡን ሳይጨርስ ወረቀቱ ከባንኩ እጅ አይወጣም።

የመርከብ ድርጅቱ ኃላፊነት ጅቡቲ ላይ የሚያበቃ ከሆነ ዩኒሞዳል ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ትራንዚተር መቅጠር፣ መኪና መፈለግ የአስመጪው ሥራ ነው። በአንድ ሰነድ፣ በአንድ ተጠያቂ፣ ባሕሩንም የብሱንም አቋርጦ አገር ውስጥ የሚደርስ ከሆነ መልቲሞዳል ነው። የሚያርፍበት ቦታ ደረቅ ወደብ ይባላል። ባሕር የሌለው፣ ጉምሩክና የኮንቴይነር ማንሻ ያለው ወደብ ማለት ነው። ትልቁ ሞጆ ነው። በ2013 ዓ.ም. ግን ወረታም የራሷን ደረቅ ወደብ አገኘች። ቦታው በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስለኝም፤ ወረታ ከባሕር ዳር ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ሆና፣ በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወልድያ የሚወጣው የቻይና መንገድ መነሻ ናት። ከወልድያ ወደ ሚሌና ወደ ጋላፊ መውረድ ይቻላል። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከጅቡቲ የተነሣ ጭነት አዲስ አበባን ሳይረግጥ ደቡብ ጎንደር ይገባል፤ ሰላም ሲጠፋ ግን ያ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም በኪራይ ላይ ይጨመራል።

ይህ አገር ለከባድ ጭነት እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ ወደ 70 ኩንታል የሚጠጋ ነበር። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ጋይንትንና ደላንታን አልፎ መቅደላ እስኪወጣ ወራት ፈጀ፤ ፊት ፊቱ መንገድ እየተቆረጠ፣ ሰው እየጎተተው ነው የሄደው። ዛሬ ከመጠን በላይ ጭነት የሚባለው እንደዚያ ያለው ነው፤ የሚሄድበት መንገድ፣ የሚሻገርበት ድልድይ አስቀድሞ ካልታየ አይነሣም። ለተራው መኪና ደግሞ የአክስል ጭነት የሚባል ልክ አለ። በአንድ አክስል ላይ የሚያርፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን በአስፋልቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። በየመንገዱ የመኪና ሚዛን የቆመው ለዚህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሐሙሲት ሰው ጠንቅቆ ሊይዘው የሚገባው የመልስ ጭነት ነው። ኢትዮጵያ ከምትልከው የምታስገባው በክብደት እጅግ ይበልጣል፤ ስለዚህ ብዙ መኪና ወደ ጅቡቲ ባዶውን ይወርዳል፤ የባዶው ጉዞ ነዳጅም ሲመለስ በሚጭነው ዕቃ ኪራይ ላይ ያርፋል። እኛ አካባቢ ደግሞ ሲሚንቶ፣ ስኳርና ቢራ ያራገፈው አይሱዙ ባዶውን መመለስ አይፈልግም። ሾፌሩ ያገኘውን ጭኖ ነዳጁን ቢሸፍን ደስ ይለዋል። ሽንኩርቱን የነቀለ ገበሬ መኪናው የት እንዳራገፈ፣ መቼ እንደሚነሣ ካላወቀ ደላላው የመልሱን ጭነት በሙሉ ኪራይ ያስከፍለዋል፤ ትርፉም በመካከል ይቀራል። ሁለት ሦስት ጎረቤት ምርቱን አቀናጅቶ አንድ መኪና ቢሞላ ደግሞ የኩንታሉ ኪራይ ይወርዳል። ጅቡቲ ላይ ትንንሽ አስመጪዎች አንድ ኮንቴይነር የሚጋሩት በዚሁ ሒሳብ ነው።

የማዳበሪያው መኪና በመጨረሻ ከመጋዘኑ በር ይቆማል። ጫኝና አውራጆች ከረጢቱን ያወርዳሉ፣ ንብረት ክፍሉ ይቆጥራል። ከወደብ አብሮት የመጣው የጭነት ወረቀት 400 ኩንታል ይላል እንበል፤ ያ 800 ከረጢት ነው። 796 ከወረደ፣ ሦስቱ ከተቀደዱ፣ ሁለቱም ቁጥር ሾፌሩ ቆሞ እያየ ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል፤ የንብረት ገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ በእጅ በገባው ልክ ነው። ጉድለቱ ሳይጻፍ በሙሉ ተረክቤያለሁ ተብሎ ከተፈረመ ግን አራቱ ከረጢት የሚጠየቁት ከመጋዘን ሠራተኛው ነው።