ነካ ያድርጉት እንጂ አይጫኑት

እማማ ለልጃቸው ሊደውሉ ነው። ስክሪኑ ላይ የተቀመጠላቸውን የልጃቸውን ፎቶ በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉታል። ስልኩ አይደውልም፤ ፎቶው ከቦታው ተነስቶ ይንሳፈፋል። የልጅ ልጃቸው «እማማ፣ ነካ ያድርጉት እንጂ አይጫኑት!» ይላል። እሳቸውም «እኔማ አልሆነልኝም» ብለው ስልኩን ያስቀምጡታል።

ጥፋቱ የእማማ አይደለም። አብዛኞቹ ስልኮች መንካትን ከመጫን የሚለዩት በጉልበት ሳይሆን በጊዜ ነው። ጣት ግማሽ ሰከንድ ገደማ ከቆየ ሌላ ትእዛዝ እንደተሰጣቸው ይቆጥሩታል። ይህ ለወጣት ጣት ይበቃል፤ ለሚንቀጠቀጥ ወይም ቁልፍ አጥብቆ መጫን ለለመደ እጅ ግን ያጥራል። ሴቲንግ ውስጥ «ተደራሽነት» የሚለውን ክፍል ከፍቶ ጊዜውን ማርዘም ይቻላል።

ለዓይነ ስውራን ፈተናው የባሰ ነበር። በድሮው ስልክ 5 ቁጥር ላይ ያለችው ትንሽ እብጠት ጣትን ትመራ ነበር፤ ልሙጥ መስታወት ግን ለጣት ምንም አይነግረውም። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው አይፎን 3ጂኤስ ቮይስኦቨር የተባለ የስክሪን አንባቢ ይዞ መጣ። ብልሃቱ መፈለግንና ማዘዝን መለየቱ ነው። ጣት ስክሪኑን ሲዳስስ ስልኩ ከጣቱ ሥር ያለውን ያነባል እንጂ አይከፍትም። የተፈለገው ሲሰማ ስክሪኑን ሁለቴ ቶሎ ቶሎ መታ ማድረግ ይበቃል። የአንድሮይዱ ቶክባክም ዛሬ በዚሁ መንገድ ይሠራል።

አማርኛን በድምፅ ለማንበብ ግን ብዙ ይቀራል። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «ገና» ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ጊዜው ያልደረሰ ነገር ነው። ሰው ከዐውዱ ይረዳዋል፤ ማሽን ግን መማር አለበት። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር አማርኛ ቢያነብም ድምፁ የማሽን ድምፅ ነው።

ሌላው እንቅፋት የአፕ ሠሪዎች ነው። ሥዕል ብቻ ያለበት፣ ስም ያልተሰጠው ቁልፍ ሲነካ አንባቢው «በተን» ብሎ ያልፈዋል። የመላኪያው ይሁን የመሰረዣው አይታወቅም። የባንክ አፕ ላይ እንዲህ ሲሆን ዓይነ ስውሩ ስልኩንም ሚስጥር ቁጥሩንም ለሌላ ሰው አሳልፎ ለመስጠት ይገደዳል። ለቁልፉ ስም መስጠት ግን ለፕሮግራመሩ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ያቺ መስመር የአንድን ሰው ገንዘብና ክብር ትጠብቃለች።

የእማማ የልጅ ልጅም ሴቲንጉን አስተካከለላቸው። አሁን ፎቶውን እንደለመዱት ጫን ያደርጉታል፤ ስልኩም ይጠራል።